ትኩሳት ያለበት ፍሪጅ

ድሬዳዋ ላይ ፍሪጅ ያለው ሰው ብቸኝነት አያውቅም። ፍሪጅ ከመግዛቴ በፊት መጋላ ባለው ግቢያችን ውስጥ ሰላም የሚለኝ ሰው ለማግኘት ጉሮሮዬን መጠራረግ ነበረብኝ። ፍሪጁ በጋሪ ተጭኖ የገባ ዕለት ግን ግቢው በሙሉ ዘመዴ ሆኖ ዋለ። አንዱ የውሃ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል፤ አንዷ የልጅ ወተት፤ አንዷ ደግሞ ለሠርግ የገዛችውን ሽቶ፣ «ሙቀት እንዳያበላሽብኝ» ብላ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ «አቦ፣ ትንሽ ቦታ አትጠፋም!» እውነታቸውን ነበር፤ ለእነሱ የምትሆን ትንሽ ቦታ አልጠፋችም። የጠፋችው የእኔዋ ነበረች።

ፍሪጁ አገር ለቆ ከሄደ የግሪክ ነጋዴ ቤት የወጣ፣ ዕድሜው ከእኔ ዕድሜ የማያንስ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ይንጫጫል፤ ሲቆም ደግሞ ሸክም እንዳወረደ ሰው ይተነፍሳል። ያም ሆኖ ያቀዘቅዛል። ግድግዳውን ራሱን በሚያልበው በግንቦት ወር፣ ድሬዳዋ ላይ የሚያቀዘቅዝ ነገር ያለው ሰው ስለ ድምፅ አያማርርም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሚስቴ አስቴር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም አጥተናል። ይህን የማነሳው ጨዋታ ለማበላሸት አይደለም፤ ከዚህ በታች የምሠራውን ሞኝነት ሁሉ ስታነቡ በምን ምክንያት እንደሠራሁት እንድታውቁልኝ ነው። ፈርቼ ነበር። ባቡር ጣቢያ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ የጭነት ወረቀት ስመረምር እንኳ ጆሮዬ ወደ ቤት ነበር። ይህኛው ልጅ እንዲቀርልን ያልተሳልኩለት ታቦት አልነበረም፤ ጎረቤታችን አዴ ሙናም በበኩላቸው በየሶላታቸው ያስቡን ነበር። በሁለቱም በኩል ተጠባባቂ አቁሜያለሁ ማለት ነው።

ታዲያ አስቴርን አማራት። የሰው ሚስት ሲያምራት ሎሚ ያምራታል፣ ጥብስ ያምራታል፣ ቢብስ የግድግዳ ጭቃ ያምራታል። የእኔዋን ያማራት ሞርታዴላ ነው። ሞርታዴላ ለማታውቁ፣ ተፈጭቶ የበሰለ፣ እንደ ክንድ የወፈረ፣ ነጭ ነጭ ጮማ ጣል ጣል ያለበት የፈረንጅ ሥጋ ነው። ከዚራ ያለ አንድ ግሮሰሪ በማሽን እየቆረጠ እንደ ወረቀት አሳስቶ ይሸጠዋል። ዳግም እሳት ሳያይ እንደ ቀዘቀዘ ይበላል። አስቴርም የምትፈልገው ከፍሪጅ የወጣውን፣ ጥርስ የሚያቀዘቅዘውን ነበር።

ይሄን ጊዜ አማቴ እማማ ደብሪቱ ልጃቸውን ሊያርሱ ከደጋ በባቡር ወርደው እኛ ዘንድ ነበሩ። የድሬዳዋን ሙቀትና የድሬዳዋን ሰው «አንቺ» ባይነት እስከ መጨረሻው አልለመዱትም። አዴ ሙና በመጀመሪያው ቀን «እንዴት ነሽ፣ አንቺ እናትየዋ ነሽ አይደል?» ሲሏቸው ሦስት ጊዜ አማትበዋል። ሞርታዴላውንም ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ።

«ባለ ግሮሰሪው የበሬ ነው ብሎ ምሎልኛል፣ እማማ» አልኳቸው።

«ሲምል አሳማው አጠገቡ ነበር?» አሉኝ። ከዚያ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቢሆንም እንዳትከለክላት። ነፍሰ ጡር ያማራትን ከተከለከለች ልጁ ምልክት ይወጣበታል። ያውም ምልክት ብቻ ከሆነ ነው» አሉ።

ይህቺ «ብቻ ከሆነ ነው» የምትለዋ ነገር ሆዴ ገብታ ተቀመጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ እግሬ ሳልነግረው ወደ ግሮሰሪው ይታጠፋል። ሞርታዴላ በወረቀት ተጠቅልሎ በብብቴ ሥር ሆኖ የደቻቱን ወንዝ ስሻገር አገር የማድን ይመስለኝ ነበር።

መከራዬ የጀመረው ቀበሌያችን ለጤና ትምህርት በድምፅ ማጉያ ሲጠራን ነው። ጥሪው «የቀረ ነዋሪ በስኳር ራሽኑ ላይ ለሚደርስበት ኃላፊነቱን ራሱ ይወስዳል» የሚል ነበረበት። እኔ እንግዲህ ለስኳር ስል ያልተማርኩት ትምህርት የለም። አዳራሹ ጢም ብሏል። አስቴር ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ተቀምጣ ፊቷን በመሐረብ ታራግባለች፤ ዓይኗ ተከድኖ ስላየሁ ተኝታለች ብዬ ደመደምኩ።

ያስተማረን ጓድ ንጋቱ የሚባል ቀጭን የጤና ባለሙያ ነው። ጓድ ንጋቱ ስለ ባክቴሪያ ሲናገር ስለ ፀረ አብዮተኛ የሚናገር ነው የሚመስለው። «ጓዶች!» አለ ጠረጴዛውን መትቶ፣ «ጠላት በሙቀት ይራባል፣ በብርድ ያደፍጣል! ያደፈጠ ጠላት ግን የሞተ ጠላት አይደለም!» አጨበጨብን። ያን ጊዜ ጭብጨባ ከመተንፈስ ቀጥሎ የምንሠራው ሥራ ነበር።

«ከሁሉ የከፋው» አለ ጓድ ንጋቱ፣ «ብርድ ራሱ የሚስማማው ነው። ሌላው ሲያደፍጥ እሱ ፍሪጅ ውስጥ ቀስ እያለ ይባዛል። በስሎ፣ ተቆርጦ፣ ሳይሞቅ የሚበላ ሥጋ ይወዳል። ጤነኛ ሰው ቢበላው ሆዱን አሞት ይነሳል። ነፍሰ ጡር ከበላችው ግን እሷን ምንም ሳያስመስል ፅንሱን ይጎዳል።»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። የእኔ እጅ ግን አየር ላይ ቀረ። ከስብሰባው በኋላ ጓድ ንጋቱን በሩ ላይ ጠብቄ ምን ይሻላል አልኩት። እሱም መከረኝ፦ ሥጋውን እስኪጨስ ማሞቅ፤ ፍሪጅ ውስጥ ጥሬውን ከታች፣ የበሰለውን ከላይ አድርጎ መክደን፤ ቢላዋውን በፈላ ውሃ ማጠብ፤ ቆርጦ አለማቆየት። «ፍሪጁ በደንብ መቀዝቀዙን በቴርሞሜትር ለካ፣ በሩንም በየደቂቃው አታስከፍት» አለኝ። «ነፍሰ ጡሯ ግን የሚሻላት እንዲያው ባትነካው ነው።»

ባትነካው! ባትነካው ያማራትን አጣች ማለት ነው፤ እማማ ደብሪቱ አሉ። ብትነካው ባክቴሪያው አለ፤ ጓድ ንጋቱ አለ። ወደ ቤት ስመለስ በአንድ በኩል አማቴ በሌላ በኩል ሳይንስ ይዘውኝ እየጎተቱኝ ነበር። ለአስቴር አልነገርኳትም። ከነገርኳት ትደነግጣለች፣ ከደነገጠች ደግሞ ሌላ መዘዝ ነው ብዬ ነገሩን ብቻዬን ልቆጣጠረው ወሰንኩ። ባል ብቻውን ሊቆጣጠረው የወሰነው ነገር ምን እንደሚሆን ያገቡ ሁሉ ያውቁታል።

በመጀመሪያ ሥጋውን አሞቅሁት። አስቴር ሳህኑን አይታ «ትኩስ ከሆነ ይቅርብኝ» አለች። በማግስቱ በዘዴ መጣሁ፤ በእንፋሎት እስኪጨስ አሙቄ፣ እንደገና በበረዶ ላይ አቀዝቅዤ አቀረብኩላት። ጮማው በእሳቱ ቀልጦ ወጥቶ ስለነበር ሥጋው ወንፊት መስሏል። ወዲያው እማማ ደብሪቱ ሳህኑን ይዘው ወጥ ቤት መጡ።

«ልጄ፣ ይሄኛውን አይጥ ጎብኝቶታል መሰለኝ» አሉ። «ልጅቷ ቅር ብሏታል። የፊተኛው ይሻላል ብላለች።»

እኔ ግን በአቋሜ ጸናሁና ወደ ፍሪጁ መደርደሪያ ዞርኩ። እዚህ ላይ ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። አማቴ በመጡ ሰሞን ከአዴ ሙና ጋር ተነጋግረው ድንበር ከልለው ነበር፤ የላይኛው መደርደሪያ የእስላም ሥጋ፣ የታችኛው የክርስቲያን። ሁለቱም ወገን ድንበሩን ጠብቆ በሰላም ይኖራል። ታዲያ ከላይ የአዴ ሙና ጥሬ የግመል ሥጋ ተቀምጧል፤ ከታች የአስቴር ሞርታዴላ። ያየሁትን ነገር ለአማቴ ብነግራቸው በዚያው ቀን ባቡር ይሳፈሩ ነበር፤ ከግመሉ ሥጋ አንዲት ቀይ ጠብታ ወርዳ የሞርታዴላው ወረቀት ላይ ደርቃለች።

ወረቀቱን ከነሥጋው አርቄ ጣልኩና ሁለቱን ሴቶች ፍሪጁ ፊት ሰበሰብኩ። «ከዛሬ ጀምሮ» አልኩ የጓድ ንጋቱን ድምፅ ተውሼ፣ «ክፍፍሉ በሃይማኖት መሆኑ ቀርቷል። በመደብ ነው። የበሰለ ከላይ፣ ጥሬ ከታች!»

«የኔ ወጥ ከዚያ አሳማ ከሚመስል ነገር ጎን ሊቀመጥ?» አሉ አዴ ሙና። «ወላሂ አይሆንም!»

«የእኔስ ሥጋ ከግመል ጋር ሊያድር?» አሉ እማማ ደብሪቱ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ነገር ሲስማሙ ያን ቀን አየሁ፤ የተስማሙት በእኔ ላይ ነው።

ድርድሩ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ፈጀ። በመጨረሻ መፍትሔ ያመጡት አዴ ሙና ናቸው፤ ቤታቸው ገብተው ክዳን ያላቸው የብስኩት ቆርቆሮዎች ተሸክመው መጡ። «ሁሉም በየቆርቆሮው ይግባ። የተከደነ ነገር ሃይማኖት የለውም፣ አቦ!» አሉ። እኔም ጥሬውን ከታች፣ የበሰለውን ከላይ ደርድሬ፣ በዓለም ላይ እንደ እኔ ፍሪጅ የሠለጠነ ፍሪጅ የለም ብዬ እጄን አጣጠብኩ።

የቀረኝ መለካት ብቻ ነበር። በግቢያችን ያለው ቴርሞሜትር የአዴ ሙና ነው። የልጅ ልጃቸውን ሲያተኩሰው ብብቱ ሥር የሚያደርጉት ዓይነት፤ ልጁም በዚያው ሰሞን አሞት ተነስቷል። ተበደርኩና ሞርታዴላው አጠገብ አስቀምጬ በሩን ዘጋሁ። አንድ ሲጋራ የሚያስጨርስ ጊዜ ቆይቼ ከፈትኩ። ሠላሳ ዘጠኝ ይላል።

እንደገና ዘጋሁ፤ እንደገና ከፈትኩ። ሠላሳ ዘጠኝ።

«አዴ ሙና!» ብዬ ጮህኩ። «ፍሪጁ ትኩሳት አለበት!»

አዴ ሙና እየሮጡ መጥተው መስታወቱን ወደ ፀሐይ ይዘው አዩት። «ያ አላህ! ይሄ ልክ የልጁ ነው። ተላለፈበት እንዴ?» አሉ።

አስቡት፤ ቴርሞሜትሩን ሳወጣ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ነበር። እኔ ግን ጣቶቼን አላመንኩም። በቁጥር የተጻፈ ነገር ካየሁ የራሴን ቆዳ የምክድ ሰው ነኝ፤ ትምህርት ቤት የሄድኩት ለዚህ ይመስለኛል። የማቀዝቀዣውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኩት። ወጥቼ ሰንሰለትና ጓጉንቸር ገዛሁ። ፍሪጁን ጠፍሬ ቆለፍኩና መክፈቻውን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት። ከእንግዲህ የሚከፈተው ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊትና ማታ ስመለስ ብቻ ነው አልኩ።

ግቢው ሐዘን ተቀመጠ። ትናንት ዘመድ የነበረው ሁሉ ባዳ ሆነ። ሰላምታ ቀረ፤ ጉሮሮዬን ብጠርግም ዞሮ የሚያየኝ ጠፋ። ፍሪጁ ውስጥ ደግሞ የውሃ ጠርሙስ ፈነዳ፤ ወተቱ ድንጋይ ሆነ፤ ሞርታዴላው በመዶሻ ካልሆነ የማይነካ ሆነ። ቴርሞሜትሩ ግን ወይ ፍንክች! ሠላሳ ዘጠኝ!

አስቴርም ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊቷ ጠቆረ። በጥዋት ሞርታዴላ ሳወጣላት ሳህኑን ትቀበለኛለች፣ ባዶውን ሳህን እማማ ደብሪቱ ይመልሱልኛል። ታዲያ እየበላች ነው፤ ምን ሆና ነው? አልፎ አልፎ ሰንሰለቱን በዓይኗ ስታየው አያት ነበር። ስጠይቃት «ምንም» ትለኛለች። ሴት «ምንም» ስትል ምንም እንደሌለ የሚያምን ሰው ገና አላገባም፤ እኔ ግን አግብቼም አመንኩ።

አንድ ቀን ለምሳ ዕረፍት ስገባ አስቴር ሲሚንቶው ላይ ተዘርራ፣ ጉንጯን ከፍሪጁ በር ለጥፋ፣ በላብ ተጠምቃ አገኘኋት። ቴርሞሜትሩን ብብቷ ሥር አደረግሁ። ሠላሳ ዘጠኝ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በሳቅ ልነግራችሁ አልችልም። ባክቴሪያው ገብቷል፤ በገዛ እጄ፣ በሳህን አድርጌ፣ ጠዋት ጠዋት አብልቻታለሁ ብዬ አሰብኩ። ያጣናቸው ሁለቱ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ጋሪ ጠርቼ ጫንናት። እማማ ደብሪቱ በአንድ ጎን «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ፤ አዴ ሙና በሌላው ጎን ሽርጣቸውን ሰብስበው ተሳፍረው «ያ ረቢ» ይላሉ፤ እኔ መሐል ሆኜ ቴርሞሜትሩን እንደ ሻማ ቀጥ አድርጌ ይዤ አለቅሳለሁ። ፈረሱ እንኳ ነገሩ ገብቶት ሳይመቱት ጋለበ።

ሆስፒታል አንዲት ወፍራም ሲስተር ተቀበለችን። «ሠላሳ ዘጠኝ ነው!» አልኳት ገና ከበሩ። «ፍሪጅ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ነው! ፍሪጁም ታሟል!»

ሲስተሯ አየችኝ። ቴርሞሜትሩን ከእጄ ወሰደችና አየችው። ከዚያ ክንዷን ወደ ላይ አንስታ በኃይል አወናጨፈችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ብዬ ዘለልኩ። «ማስረጃውን አጠፋሽው እኮ!»

«አንተ፣ ይሄን ነገር አራግፈኸው ታውቃለህ?»

«ማራገፍ?»

«ካላራገፍከውማ ቀድሞ የወጣበት ላይ ቆሞ ነው የሚቀረው። እስቲ ከእሷ በፊት ማን ታሞ ነበር?»

አዴ ሙና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «የኔው ልጅ! የኔው ልጅ ትኩሳት ነው፣ ወላሂ!» የአንድ ሕፃን ትኩሳት ፍሪጁን አሳምሞ፣ ግቢውን አጣልቶ፣ ይኸው በጋሪ ሆስፒታል ደረሰ።

ሲስተሯ አስቴርን ለካቻት። ትኩሳት የለባትም። ከዚያ የእንጨት ጡሩንባ የመሰለችውን ማዳመጫ ሆዷ ላይ አድርጋ ጆሮዋን ደገነች። «አንተ ሰውዬ፣ የአንተ ልብ እየጮኸብኝ ነው፣ ራቅ በልልኝ» አለች። ራቅኩ። «አሁን ሰማሁት። እንዴት ያለ ጎበዝ ነው! ይመታል።» ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። አዴ ሙና የሽርጣቸውን ጫፍ ሰጡኝና እንባዬን ጠረግሁበት።

«ሙቀቱ ነው ያደከማት» አለች ሲስተሯ። «የበላችው ነገርስ?»

«ሞርታዴላ» አልኩ፣ እንደ ተከሳሽ።

«አልበላሁም» አለች አስቴር።

ሁላችንም ዞርን። «ጓድ ንጋቱ ካስተማረን ቀን ጀምሮ አንድም አልቀመስኩ። ተኝቼ መስሎህ ነበር እንዴ? አንተ እንዳትደነግጥ ብዬ ዝም አልኩ።»

«ታዲያ ሳህኑን ማን ነው ባዶ የሚያደርገው?»

እማማ ደብሪቱ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። «የሰው ገንዘብ ከሚደፋ ብዬ ነው» አሉ በመጨረሻ። «መጀመሪያ የአሳማ መሆን አለመሆኑን ላጣራ ብዬ ቀመስኩ። አንዴ ቀምሶ ደግሞ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።»

ማጣራቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጅቶባቸዋል ማለት ነው። ለካ «ልጅቷ ቅር ብሏታል» ያሉኝም ራሳቸውን ነበር። ልቆጣ አሰብኩ፤ ግን ደስታዬ ለቁጣ ቦታ አልተወለትም። ሚስቴ አልበላችም! አማቴም ያን ሁሉ በልተው እንደ ምሰሶ ቆመዋል። ሲስተሯ ብቻ «ዕድለኛ ነዎት፣ እናቴ። ሁለተኛ እንዳይሞክሩት» አለቻቸው።

«ታዲያ አምሮትሽስ?» አልኳት አስቴርን።

«ሥጋው መቼ ሆነና» አለችኝ። «እሱን ላወጣ ስል በሩን እከፍታለሁ፣ ጭንቅላቴን አስገብቼ ትንሽ እቆማለሁ። ያማረኝ እሱ ነበር፤ ቅዝቃዜው። አንተ ደግሞ ቆለፍክብኝ።»

ሴት ልጃችን በክረምቱ በሰላም ተወለደች። እማማ ደብሪቱ ከእልልታው ቀጥለው መጀመሪያ የሠሩት ሥራ ሕፃኗን እያገላበጡ ምልክት መፈለግ ነበር። ከራስ ፀጉሯ እስከ ጥፍሯ መረመሯት፤ ክብ ቀይ ነገር ቢፈልጉ፣ ነጭ ነጭ ጣል ያለበት ነገር ቢፈልጉ አጡ። ምንም የለባትም። ያን ቀን ሁለት ጊዜ ያጣነውን ሁሉ ያገኘሁ መሰለኝ።

ልጅቷ ግን አልቃሽ ሆነች። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ትጀምራለች፤ ጡት ቢሰጧት እምቢ፣ ቢያዝሏት እምቢ፣ አዴ ሙና ሙሉ የኦሮምኛ እሹሩሩ ቢዘፍኑላት እምቢ። አንድ ቀን አስቴር ውሃ ልትቀዳ ልጇን እንደታቀፈች የፍሪጁን በር ከፈተች። ልቅሶው ቀጥ አለ። ዘጋችው፤ ቀጠለ። ከፈተችው፤ ልጅቷ ፊቷን ወደ ብርዱ አዙራ ዓይኗን ጨፈን አደረገች።

«ይኸውልህ!» አሉ እማማ ደብሪቱ ከወዲያ ተነስተው ጣታቸውን እየቀሰሩብኝ። «አላልኩህም? ነፍሰ ጡር ያማራትን ከልክለህ! ምልክት ማለት ቆዳ ላይ ብቻ መሰለህ?»

ጓድ ንጋቱ በሩን አታስከፍት ያለውን አስታወስኩና ሥጋ የተባለውን ሁሉ ከነቆርቆሮው አውጥቼ ለግቢው አከፋፈልኩ፤ በዚያው ቀን ይብሉት ብዬ። ከዚያ ወንበር ስቤ ልጄን ታቅፌ የተከፈተው ፍሪጅ ፊት ቁጭ አልኩ። ሞተሩ እያጓራ ብርጭቆውን ያንጫጫል፤ እሷ ተኝታለች። አዴ ሙና በዚያ ሲያልፉ በሩን ክፍት አዩና የውሃ ጠርሙሳቸውን ይዘው በእግር ጣታቸው ተጠግተው መጡ።

«አቦ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ ልጅቷን እንዳይቀሰቅሷት፣ «ከተከፈተ አይቀር፣ ትንሽ ቦታ አትጠፋም!»